ስምንት ዓመት የጨመርኩባቸው ሰው

አቃቂ አንድ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ በሰው ሀብት ክፍል እሠራ ነበር። የሠራተኛውን የወረቀት ማኅደር ወደ ኮምፒውተር የማስገባቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። ከኮዬ ፈጬ በሁለት ታክሲ እየመጣሁ ቀኑን ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የቅጥር ቀን ስጽፍ እውላለሁ። ፈጣን ነኝ ብዬ እኮራ ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት ዕድሜያቸውን በሙሉ የሽመና ማሽን ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ጠረጴዛዬ ፊት ቆሙ። የጡረታ ደብዳቤ ይዘዋል።

"ልጄ፣ ስልሳ ዓመት ሞልቶሃል ይለኛል ይሄ። እኔ ገና ሃምሳ ሁለቴ ነው።"

"ጋሼ፣ ሲስተሙ ነው ያወጣው፤ አይሳሳትም" አልኳቸው፣ ቀና እንኳ ሳልል።

"እኔ ስወለድ ሲስተሙ ነበረ?"

ቢሮ ውስጥ የነበሩት ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም። ደብዳቤው የደረሳቸው ሐሙስ ነበር። ለሚስታቸው መንገር ስላቃታቸው ዓርብና ቅዳሜ የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው እየወጡ ቃሊቲ ባቡር ጣቢያው አካባቢ ሲዞሩ ውለዋል።

ማኅደራቸውን አወጣሁ። ወረቀቱ ላይ የተወለዱበት ዘመን በእኛ አቆጣጠር ተጽፏል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ የሚያሰላው በፈረንጅ ነው። ቁጥሩን እንዳለ ስገለብጠው ስምንት ዓመት ጨምሬባቸዋለሁ። ከግርጌ የመዝጋቢው ስም ይታያል፤ የእኔ ነው።

"ሲስተሙ አይደለም ጋሼ። እኔ ነኝ" አልኳቸው።

"እንግዲያው አስተካክይዋ" አሉ።

ደብዳቤው በሦስተኛው ቀን ተሻረ። ማሽኖቻቸው ግን ለሌላ ሰው ተሰጥተው ስለነበር መለዋወጫ መጋዘን መደቧቸው። "ጆሮዬ ጩኸት ለምዷል፤ እዚያ ጸጥታው ያስጨንቀኛል" አሉኝ በኋላ።

ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አቃተኝ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ በሐሳቤ ማኅደር እገልጣለሁ፤ ምሳዬን ትቼ የመዘገብኩትን አንድ በአንድ ከወረቀቱ ጋር አመሳክራለሁ። እንደ እሳቸው ስምንት ዓመት የተጨመረባቸው፣ ቀንና ወራቸውም የተገለባበጠባቸው ሰዎች አገኘሁ። ጳጉሜን የተወለዱት ሁሉ ደግሞ ነሐሴ ሠላሳ ሆነዋል፤ ፎርሙ አሥራ ሦስተኛ ወር አልቀበልም ሲለኝ ራሴ የፈጠርኩት መላ ነበር።

"ተረጋጊ እንጂ፣ ያለፈው አለፈ" አሉኝ ኃላፊዬ።

አልተረጋጋሁም። ከሶፍትዌር ባለሙያው ጋር ተጨቃጭቄ ፎርሙን አስቀየርኩ። አሁን ወሩ በቁጥር አይጻፍም፤ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን በስሙ ይመረጣል። ወደ ፈረንጅ የሚቀይረው ኮምፒውተሩ ራሱ ነው። ከመመዝገቡ በፊትም ዕድሜውን አስልቶ "ትክክል ነው?" ብሎ ይጠይቃል። መልሱን ባለቤቱ እንዲሰጥ ስክሪኑን ወደ እንግዳው ወንበር አዞርኩት።

በአዲሱ ፎርም መጀመሪያ የተመዘገበችው አዲስ ተቀጣሪ ልጅ ነበረች።

"የተወለድሽበት ቀን?"

"ዓመቱን ነው የማውቀው። ቀኑን እንጃ፤ በአዝመራ ጊዜ ነው ይሉኛል።"

ፎርሙ ያለ ቀንና ወር አልመዘግብም አለ። እጄ ሳይታወቀኝ መስከረም አንድን ሊመርጥ ሲል ያዝኩት። ስልኬን አንስቼ ባለሙያው ጋ ደወልኩ።

"አሁን ደግሞ ምን ሆነ?" አለኝ።

"'አይታወቅም' የሚል ምርጫ ጨምርልን" አልኩት። "ዛሬውኑ። ልጅቷ እዚሁ ተቀምጣ እየጠበቀች ነው።"