ሐሙስ የመጣችው ሳጥን

ጋሽ ሽብሩ ሰው «ዕቃ አስመጣልኝ» ብሎ ሲመጣበት ብዛቱን አይጠይቅም፤ ከየት አገር እንደሚመጣም አይጠይቅም። መጀመሪያ የሚለው «በረዶ ይፈልጋል?» ነው። ይፈልጋል ከተባለ ፊቱን ያኮሳትርና «እንግዲያው ሐሙስ እንዳይመጣ ንገሯቸው» ይላል። ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ለምርምር ላቦራቶሪ ኬሚካልና ኢንዛይም ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚያወጣ ሌላም ሰው ይኖር ይሆናል፤ እኔ የማውቀው ግን እሱን ብቻ ነው። በታክሲዬ ሳመላልሰው ስንት ዓመቴ። ሲሄድ ይነጫነጫል፣ ሲመለስ ይነጫነጫል። እኔም ብሆን ዝም ብዬ አልሰማውም፤ እየተነታረክን ነው የምንዋደደው።

ድሮ የባቡር ሰው ነበር። ድሬዳዋ ተወልዶ፣ በባቡሩ ጅቡቲ ሲመላለስ ፈረንሳይኛውንም ሶማሊኛውንም ለቃቅሞ፣ ባቡሩ እየተዳከመ ሲሄድ እዚሁ ቀረ። አርሂባ ሰፈር ቤት ተከራየና ቡላኦስ ሰፈር ካለ አንድ የትራንዚት ቢሮ ተቀጠረ። ቢሮው ከወደብ የሚያወጣው ሲሚንቶና ጎማ ነበር። ላቦራቶሪው ሙቀት የሚያበላሸው ጥቃቅን ዕቃ አለኝ ብሎ ሲመጣ ሠራተኞቹ ሁሉ ሸሹ። ሲሚንቶ ወደብ ላይ ወር ቢቀመጥ ያው ሲሚንቶ ነው። ኢንዛይም ግን ፀሐይ ላይ ከተረሳ ከተራ ውሃ አይሻልም። ሥራው በመጨረሻ ሽብሩ ላይ ወደቀ፤ እሱ ሲነጫነጭ እንጂ እምቢ ሲል ታይቶ አይታወቅም።

ሐሙስን ለምን እንደሚጠላ ጅቡቲ የኖረ ሰው ይገባዋል። እዚህ ቀትር ላይ ጫቱ ከኢትዮጵያ ሲገባ ቢሮ ይዘጋል፤ ሹሙም ተላላኪውም እሽጉን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወደ ቤቱ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ፊርማ ፍለጋ የወጣ ሰው በከንቱ ነው የሚለፋው። በሌላው ቀን ነገ አለ ብሎ ይጽናናል። የሐሙስ ነገ ግን አርብ ነው፣ አርብ ደግሞ ማንም የለም። ከፓሪስ ሲመጣ ሳጥኑን የሚያቀዘቅዘው ደረቅ በረዶ አርብ መሆኑን አይጠይቅም፤ ጭስ እየሆነ ይተናል፣ ያልቃል።

ይህ የምነግራችሁ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ አንድ፣ በሐምሌ ሙቀት የሆነ ነው። ላቦራቶሪው የሚያጠናው መድኃኒት የማይበግረውን የሳንባ ነቀርሳ ነበር። ከሕመምተኛው አክታ ይወሰዳል፤ ከፓሪስ በሚመጣው ኢንዛይም ተመርምሮ ተራው መድኃኒት ያድነው እንደሆነና እንዳልሆነ በማግስቱ ይታወቃል። ኢንዛይሙ ከሌለ ግን መልሱ ወራት ይፈጃል። ተመራማሪዋ ዶክተር ሁዳ የጅቡቲ ልጅ ናት፤ እናቷ የድሬ ሰው ስለሆኑ አማርኛ አይቸግራትም። እሷ በፈረንሳይኛው አክብሮት «ሙሴ ሽብሩ፣ እርስዎ» ትለዋለች፤ እሱ ደግሞ «አንቺ» ይላታል። የድሬ ልጅ ለንጉሥም አንቱ አይልም እያልኩ አበሽቀዋለሁ።

ላቦራቶሪው ውስጥ ምርመራ ከሚጠብቁት የአክታ ብልቃጦች አንዱ የሙንተሃ ነበር። ሙንተሃ የሽብሩ የእህቱ ልጅ ናት፤ እህቱ ሙስሊም አግብታ የወለደቻት። ጅቡቲ የመጣችው ሰው ቤት ልትሠራ ነው፤ የምታድረውም እዚያው ነበር። ሳል ሲጀምራት ደበቀችው። ደም ስትተፋ እመቤቲቱ ልብሷን በፌስታል አድርጋ በር ላይ አስቀመጠችላት፣ ሽብሩም ሄዶ ወደ ቤቱ አመጣት። መድኃኒቷን አንድም ቀን አላጓደለችም፤ እሱ ራሱ ፊቷ ቆሞ ነው የሚያስውጣት። ወራቱ ሲገፋ ግን መዳኗ ቀርቶ መክሳት ያዘች።

«አጎቴ፣ የሚጨርሰኝ በሽታው ነው ወይስ መድኃኒቱ?» ስትለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

መልሱ ያለው ከፓሪስ በምትመጣው ሳጥን ውስጥ ነበር። ሁዳ ሳጥኗ እንደደረሰች የሙንተሃን ከሌሎቹ ጋር እንደምትመረምርለት ቃል ገብታለታለች፤ ከመጋቢት ጀምሮ ሌላ ወሬ አልነበረውም።

ሳጥኗ ማክሰኞ ትገባለች ተብሎ ነበር። ፓሪስ ላይ አውሮፕላኑ ተበላሸና ረቡዕም ሳትመጣ ቀረች። ሐሙስ ጠዋት ስልኬ ጮኸ።

«ባንቴ፣ መጣች» አለኝ ሽብሩ። «በሐሙስ! የቀን ጎደሎ!»

ደረቅ በረዶ እዚህ አገር አይገኝም። ስለዚህ ሽብሩ መጀመሪያ ዓሣ አጥማጆቹ ዘንድ ወርዶ የተፈጨ በረዶ ይገዛና ከአሳል ሐይቅ የሚመጣውን ጨው ይነሰንስበታል። ጨው የገባበት በረዶ ከሌላው በረዶ ይበልጥ እንደሚበርድ ያስተማረችው ሁዳ ናት። የዚያን ቀንም አይስ ቦክሱን በጨው በረዶ ሞልቶ የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠና ከጎኑ ተቀምጦ በእጁ ደገፈው። የበረሃው ነፋስ ተነስቷል። መስኮቱን ስከፍተው ይለበልበናል፣ ስዘጋው ያፍነናል። የታክሲዬ ማቀዝቀዣ ከሞተ ቆይቷል፤ ሽብሩ ይህን በየመንገዱ ያስታውሰኛል፤ ያን ቀን ግን ዓይኑን ከአይስ ቦክሱ ክዳን አላነሳም።

አምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስ ሳጥኗ የጭነት መጋዘኑ ውስጥ ናት። ነጭ የፎም ሳጥን ነች፤ በአንድ ጎኗ ማሸጊያው ተልጦ ስስ ጭስ ይወጣታል። ሽብሩ ጭሱን ሲያይ ፊቱ በራ።

«በረዶዋ አላለቀም፤ ደህና ናት» አለኝ።

የጉምሩኩ ሹም ግን ወረቀቱን አገላብጦ መለሰለት፤ ከከተማ የሚመጣ አንድ ማህተም ጎድሏል። «ማህተሙን አምጣ፣ እፈርማለሁ። ጫት ከገባ ግን አታገኘኝም» አለው። ክፋት የለበትም፣ እውነቱን ነው የነገረው። ሽብሩ እስከዚያው አይስ ቦክሴ ውስጥ ላስቀምጣት ብሎ ለመነ። ሳይፈረም ዕቃ ለባለቤቱ አይሰጥም ተባለ።

ያኔ ነው ሽብሩ ዓብዱሰመድን የጠራው። ዓብዱሰመድ የመጋዘኑ ጠባቂ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሳቂታ ሰው፤ ከሽብሩ ጋር የቆየ ወዳጅነት አላቸው። እናቱ ቡላኦስ ገበያ ጫት ይቸረችራሉ፤ እሱም ያደገው ከጠረጴዛቸው ሥር ነው።

«ዓብዱ፣ አደራህን» አለው ሽብሩ። «ሙቀት እንዳይነካት።»

«ዋላሂ፣ እንደ ዓይኔ ነው የማያት» አለ ዓብዱሰመድ ደረቱን መትቶ።

ወደ ከተማ በረርን። ማህተሙን የያዘው ሰው ጎረቤት ቢሮ ሊያወራ ሄዷል አሉን፤ ጎረቤት ቢሮ ስንሄድ አሁን ወጣ አሉን። ሽብሩ ከደረጃ ደረጃ ሲሮጥ ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቆ አየሁት፤ በዚያ ዕድሜው ልቡ ቢቆም ለሙንተሃ ምን እላታለሁ ብዬ ፈራሁ። ማህተሙን አስመትቶ ሲወጣ መንገዱ ላይ የጫት አከፋፋዮቹ መኪኖች ክላክስ እያስጮሁ መብረር ጀምረው ነበር። ያን ድምፅ ስሰማው ሁሌም ምሳዬ ትዝ ይለኛል። ያን ቀን ግን ቤንዚኑን ረገጥኩ።

ሹሙን ያገኘነው መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተር አስነስቶ ነው። ታክሲዬን ፊቱ አቆምኩበት። አፈጠጠብኝ፣ ተሳደበ፣ ወረቀቱን መሪው ላይ አስደግፎ ፈረመ። ሽብሩ እጁን ስሞት ሊሄድ ምንም አልቀረው።

መጋዘኑ ስንገባ ሳጥኗ ከነበረችበት የለችም። ዓብዱሰመድ ፈገግ ብሎ በጓሮ በኩል ነፋስ ወደሚገባበት ጥላ ወሰደን። እዚያ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ነገር ተቀምጧል፤ ውሃው ከሥሩ ይንጠባጠባል።

«እናንተ እንደሄዳችሁ ጭሱ ባሰባት» አለ። «ውስጧ የሚነድ ነገር አለ ብዬ ከፈትኳት። ነጭ ድንጋይ ነው፣ ስነካው አቃጠለኝ፤ አያችሁ ጣቴን? እሱን አውጥቼ አሸዋው ላይ ደፋሁት። ውስጧ ያሉትን ትንንሽ ብልቃጦች ግን እንደ እናቴ ጫት በጆንያ ጠቅልዬ ውሃ ስረጭላቸው ዋልኩ። ንካቸው፣ ቀዝቃዛ ናቸው።»

ሁለት ጣቶቹ ውሃ ቋጥረዋል። አሸዋው ላይ ምንም አልነበረም፤ ደረቁ በረዶ ተኖ አልቋል። በከተማው ሁሉ ለምለም ነገር ከሙቀት የሚጠበቀው በዚህ ነው፤ እርጥብ ጆንያ፣ ጥላ፣ ነፋስ። ለጫት ከዚህ የበለጠ እንክብካቤ የለም። ኢንዛይሙ ግን የሚፈልገው ውሃ ድንጋይ ሆኖ የሚቀርበትን ብርድ ነው።

ሽብሩ ይጮህበታል ብዬ ስጠብቅ፣ ጎንበስ ብሎ ጆንያውን ፈታ፣ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ወደ አይስ ቦክሱ አዛወረ፣ ክዳኑን ከደነ።

«ገደልካት» አለ ከዚያ ቀስ ብሎ።

«ማንን?» አለ ዓብዱሰመድ ደንግጦ። «ማንን ነው የገደልኩት?»

ሽብሩ አይስ ቦክሱን ተሸክሞ ወደ ታክሲው ሄደ። እኔ ነኝ ስለ ሙንተሃ የነገርኩት፤ ብናደድበትም አሳዘነኝ። ዓብዱሰመድ እዚያው ጆንያው ላይ ቁጭ አለ።

ላቦራቶሪው ስንደርስ ሁዳ በር ላይ ቆማ ትጠብቀናለች። ብልቃጦቹን እያነሳች ወደ ብርሃኑ አሳየቻቸው። ሁሉም ቀልጠዋል።

«ሞቷል?» አላት ሽብሩ።

«ሊተርፍም ይችላል፣ ሊሞትም ይችላል» አለች። «አይቶ የሚያውቅ የለም። መልሱን አስቀድሜ ከማውቀው ናሙና ጋር አብሬ እፈትነዋለሁ። ያኛው ትክክለኛውን መልስ ከሰጠኝ ኢንዛይሙ አለ ማለት ነው። ካልሰጠኝ ሌላ ሳጥን እስኪመጣ እንጠብቃለን።»

«ሌላው መቼ ይመጣል?»

«መስከረም፣ ቢፈጥን።»

ሽብሩ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ሙንተሃ እስከ መስከረም እንደማትቆይ ሦስታችንም እናውቃለን። ሁዳ የቀለጠው ነገር ሌላ ቀን አይጠብቅም ብላ፣ ረዳቶቿ ሁሉ ጫት ላይ ስለነበሩ ብቻዋን ገብታ ሥራ ጀመረች። ከሰዓት በኋላ መብራት ሲጠፋ ሽብሩ ከተቀመጠበት ተነስቶ ቆመ፤ ጄኔሬተሩ እስኪጮህ ድረስ አልተቀመጠም።

አርብ ረፋዱ ላይ በሩ ላይ ቁጭ ብለን ሳለ ዓብዱሰመድ ጣቶቹን በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ። ሰላም አለን። ሽብሩ ፊቱን አዞረበት። እሱ ግን አልሄደም፣ ራቅ ብሎ ግንቡን ተደግፎ ተቀመጠ። እንዲህ ስንቆይ ሁዳ ጓንቷን እያወለቀች ወጣች።

«ሠርቷል» አለች። «የማውቀው ናሙና በትክክል መለሰ። ኢንዛይሙ ተርፏል።»

ሽብሩ ተነስቶ ማንን አቀፈ መሰላችሁ? ዓብዱሰመድን። የሙጥኝ ብሎ ሳመው፣ «ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ» እያለ። ዓብዱሰመድ ያለቅሳል። ሁዳ ፊት ላይ ግን ደስታ አልነበረም። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ።

«የእኔዋስ?» አላት ሽብሩ።

«ሙሴ ሽብሩ፣ ይቀመጡ።»

«ቆሜ እሰማለሁ።»

«መድኃኒቱ አይሠራላትም» አለች ሁዳ። «የማይበገረው ዓይነት ነው። እስካሁን የዋጠችው ምንም አልረዳትም።»

የሽብሩ ድምፅ ተለወጠ፤ እንደዚያ ሲለማመጥ ሰምቼው አላውቅም።

«ቆይ እንጂ፣ ቆይ! ሙቀት ነክቶት እኮ ነበር! ቀልጦ ነው የመጣልሽ፣ ሊሞት ይችላል ያልሽው አንቺው ነሽ። ሞቶ ቢሆንስ? ሞቶ ሲያበቃ ዝም ብሎ ቢቀባጥርስ?» ወደ ዓብዱሰመድ ዞረ። «ንገራት እንጂ አንተ! በረዶውን ደፍተኸው የለ? ንገራት!»

ዓብዱሰመድ የተጠቀለሉትን ጣቶቹን አየ። «ደፍቼዋለሁ፣ እውነቱን ነው» አለ።

ሁዳ እጇን ሽብሩ ትከሻ ላይ አሳረፈች። «ደግሜ ሠርቼዋለሁ» አለች። «እኔም ስህተት እንዲሆን ፈልጌ ነበር። ኢንዛይሙ ደህና ነው።»

ከመጋቢት ጀምሮ ያቺ ሳጥን ደህና እንድትገባለት ሲጸልይ የከረመ ሰው፣ ደህና መሆኗን ሲሰማ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ። ነፋሱ በሩን በአሸዋ ያንኳኳል። ሁዳም ጎኑ ቁጭ ብላ ታስረዳው ጀመር፤ ለዚህኛውም መድኃኒት አለ፣ ከባድ ነው፣ ረጅም ነው፣ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ለላኪዎቹ ዛሬውኑ እጽፍላቸዋለሁ አለችው። እየሰማት አይመስልም ነበር። መሬት መሬቱን ያያል። ሁዳ ተናግራ ስትጨርስ ግን ቀና አለ።

«በረዶ ይፈልጋል?» አላት።

ሁዳ ትንሽ አሰበች። «አንደኛው ይፈልጋል።»

ጋሽ ሽብሩ ፊቱን በመዳፉ አበሰና ተነሳ። «እንግዲያው ሐሙስ እንዳይመጣ ንገሪያቸው» አለ። ከዚያ ወደ ዓብዱሰመድ ዞሮ፣ «አንተ ደግሞ ና፣ የሚጨስ ሳጥን ስታይ ምን እንደምታደርግ መንገድ ላይ እነግርሃለሁ» አለው።

የሙንተሃ መድኃኒት ከሦስት ሳምንት በኋላ ማክሰኞ ገባ። ከሳጥኑ ጭስ ይወጣ ነበር፣ ማንም አልነካውም።