ዶሮዋ የቀመሰችው በቆሎ

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት ሰኞ ጎህ ሲቀድ ነው። በአንድ እጄ ፔርሙዝ፣ በሌላው ምላጭና የብርጭቆ ቱቦ የታጨቀበት የእንጨት ሳጥን ይዣለሁ። ላየኝ ሰው የገበያ ፀጉር አስተካካይ እንጂ የላቦራቶሪ ሠራተኛ አልመስልም። እውነቱን ለመናገር ሥራዬ ሃያ ዓመት ሙሉ ጥንቸል መቀለብ ነበር። «ቴክኒሺያን» የሚለውን ማዕረግ የሰጡኝ ደመወዝ መጨመር ሲያቅታቸው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በቆሎን ከነቀዝ የሚጠብቅ ነጭ ዱቄት መጣልንና ለጥንቸሎቼ አበላሁ። ወፈሩ። «ጉበት አይጎዳም» በሚለው ወረቀት ላይ ከሁሉ ቀድሜ ፈረምኩ፤ ፊርማዬንም አሳመርኩት። ዱቄቱ ወደ ወለጋ ሰፋሪዎች ሄደ። ዘንድሮ የነቀምቴዋ ነርስ ሲስተር አያንቱ ደብዳቤ ጻፈች። ከጊዳ አያና በኩል ዓይናቸው ቢጫ የሆነ፣ ሆዳቸው የተነፋ ሰዎች እየመጡ ነው፤ ሁሉም የሚበሉት ያ ዱቄት የተነሰነሰበትን በቆሎ ነው ትላለች።

አለቃዬ ያን ጊዜ ያለ እንስሳ የሚሠራ አዲስ ዘዴ ጀምረዋል። ከቄራ ትኩስ የበሬ ጉበት ይመጣል፤ እንደ ወረቀት አሳስተን እንቆርጠዋለን፤ ለብ ባለ የጨውና የስኳር ውሃ ውስጥ ለሰዓታት ሳይሞት ይቆያል። መርዝ ሲነካው ወደ ውሃው የሚያፈሰው ነገር አለ፤ እሱን እንለካለን። ዱቄቱን ስንሞክር የበሬው ጉበትም ምንም አልሆነ። የቀረን የሰው ጉበት ነበር። አያንቱ ያን በቆሎ ያልበላ አንድ ሰፋሪ እንዳለ ጻፈችልን፤ ከጉበቱ ላይ እብጠት ሊወጣለት ነው፣ ሐኪሙ አብሮ ከሚያነሳው ጤነኛ ጠርዝ ላይ ቁራጭ እንድንወስድ ሰውየው ፈቅዷል። ቁራጩ መንገድ አይችልም። ስለዚህ መንገዱን እኔ ቻልኩት።

ባኮ

ከአምቦ በኋላ አስፋልቱ ተሰናበተን፣ አቧራው ተቀበለን። ባኮ ኬላ ላይ ወታደሩ የይለፍ ወረቀቴን አንብቦ የማን ጉበት ሊመረመር ነው አለኝ። የእኔ ከሆነ በአረቄ የታሸ ስለሆነ ለምርመራ አይበቃም አልኩት። አልሳቀም። ምላጮቹን አንድ በአንድ አይቶ መለሰልኝ። ምሳ በአንድ ብር ሽሮ በላሁ። የበቆሎ ቂጣም አቀረቡልኝ፤ አልነካሁትም።

ነቀምቴ

አልጋ የያዝኩት ጨለለቂ ሰፈር፣ አንድ ጉራጌ ባለ ሱቅ ቤት ነው። ጠዋት ሆስፒታሉ በር ላይ አያንቱ «አካም ቡልተኒ፣ አባኮ» ብላ፣ በኦሮምኛ እንደምን አደሩ ማለቷ ነው፣ ሳጥኔን ተቀበለችኝና ሰፋሪው ይማም ወደተኛበት ክፍል ወሰደችኝ።

ይማም በድርቁ ዘመን ከወሎ ከሚስቱ ከዘሀራ ጋር የመጣ፣ አርባ የማይሞላው ገበሬ ነው። በሰፈራው እህል ሲያጠራጥራቸው መጀመሪያ ለዶሮ ይሰጣሉ። እሱም ዱቄት ያለበትን በቆሎ ለዶሮው ሰጥቶ ሰባት ቀን ጠበቀ። ዶሮዋ እንቁላል ጣለች። ያኔ ዘሀራን ብይ አላት፤ እሱ ለአረም ወደ መንግሥት እርሻ ሄዶ እዚያው እየበላ ከረመ። ሲመለስ ዓይኗ ቢጫ ነበር። ለአዲሱ እሸት አልደረሰችም።

ለቁራጩ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ለመንግሥት ከመንገራችሁ በፊት ለኔ ንገሩኝ። ያበላኋት እኔ ነኝ።»

ረቡዕ ሐኪሙ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ቁራጭ በፔርሙዜ በረዶ ላይ አኖረልኝ። ግቢውን በሩጫ አቋረጥኩ፤ እኔ ሩጫ አልኩት እንጂ አንድ በግ ቀድሞኛል። በምላጭ አሳስቼ ቆረጥኩት፣ ከፊሉ ላይ ዱቄቱን ጨመርኩ፣ ከፊሉን ያለ ዱቄት ተውኩት። አጠገቡ ከከተማው ቄራ የመጣ የበሬ ጉበት አኖርኩ። አያንቱ የበሽተኛ ደም በሚለካበት መሣሪያ ውሃውን ለካች። ዱቄት ያልነካው የሰው ጉበት ደህና ነው። የበሬውም ደህና ነው። ዱቄት የነካው የሰው ጉበት ግን ያለውን ሁሉ ወደ ውሃው አፍስሷል። ደገምነው፤ ያው ሆነ። የአንድ ሰው ጉበት የሰውን ሁሉ አይሆንም፤ ጆንያዎቹን ለማስቆም ግን በቃን።

ሐሙስ ለይማም ነገርኩት። ስለ ፊርማዬም ነገርኩት። ሃያ ዓመት ያከማቸሁት ቀልድ ሁሉ ከአፌ ጠፋ።



«እኔ ለዶሮ ሰጠሁ» አለ ይማም። «አንቱ ለጥንቸል ሰጡ። ዘሀራን የጠየቃት የለም።»

ደግሞም «አብሽሩ» አለኝ። ማጽናናት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ከዚያ ዶሮዋ ጎረቤት ቤት እንዳለች፣ እሱ ሳይመለስ ይዤለት እንድሄድ ለመነኝ። ማረድም ማየትም አልሆነለትም።

ጊዳ አያና

በሆስፒታሉ ላንድሮቨር ወደ አንገር ቆላ ስንወርድ ሙቀቱ ልብሴን አስወለቀኝ። አያንቱ ለኦሮሞዎቹ ገበሬዎች በኦሮምኛ፣ ለሰፋሪዎቹ በአማርኛ ነገረቻቸው። ጉድጓድ ተቆፈረ። ከረሃብ ሸሽተው የመጡ ሰዎች በገዛ እጃቸው እህል ቀበሩ። አንዲት ባልቴት ጆንያቸውን አቅፈው አልለቅም አሉ። በግቢው የሚጭሩትን ዶሮዎች እያሳዩኝ «ልጄ፣ ይኸው ደህና አይደሉም ወይ?» አሉኝ። እኔ ይህንኑ በጽሑፍ ብያለሁ። ጆንያውን ያስለቀቋቸው ከማዶ ያሉት የኦሮሞ ጎረቤታቸው ናቸው፤ ከራሳቸው ጎተራ አንድ ቁና በቆሎ አምጥተው እጃቸው ላይ አኖሩላቸው።

ወደ ቤት

ባኮ ኬላ ላይ ያው ወታደር ቅርጫቴ ውስጥ ዶሮዋን አየ። «አባባ፣ የሷን ጉበት ሊመረምሩ ነው?» አለኝና በዚህኛው ሳቀ። የሷ አስቀድሞ ተመርምሯል አልኩት።

ሪፖርቱን ጻፍኩ። የድሮውን ወረቀት ከነፊርማዬ ከኋላው አያይዤ ለአለቃዬ ሰጠሁ፤ የሚመጣውን አላውቅም። ባዶውን የጥንቸል ቤት ለዶሮዋ አጸዳሁላት። ጠዋት ጠዋት እንቁላሏን ጥላ ታስካካለች። ሰው ሲጠይቀኝ ያየሁትን እናገራለሁ፤

ደህና ናት።