ያው ስርጭት ነው

የውሃ መሥሪያ ቤቱ ሰዎች «እትዬ ገመድ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት የሂሳብ ክፍሉ ቀልደኛ ነው፤ ከኮምፒውተር ክፍሉ ብቅ ባለች ቁጥር አንድ ገመድ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ስለሚያይ። ስሙን አልጠላችውም። የምትጠላው ዋናውን ማሽን፣ ሰርቨሩን ነው። የከተማው ቅርንጫፎች በሙሉ፣ ክፍያ የሚቀበሉትም ብልሽት የሚመዘግቡትም፣ በእሱ አንድ ማሽን ላይ ተንጠልጥለዋል። እሱ ሥራ አቁሞ ሲወድቅ ሁሉም ይወድቃል፤ የሚሰደበው ግን ማሽኑ አይደለም። ወረፋ የያዘው ሕዝብ ገንዘብ ተቀባዩን ይሰድባል፣ ገንዘብ ተቀባዩ አለቃው ላይ ይጮሃል፣ አለቃው ለእሷ ይደውላል። ሰላምታ እንኳን የለውም። «ወደቀ!» ይላል፣ ልክ እሷ ገፍታ እንደጣለችው።

ለሠራተኞች ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰጠውን የኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርስ የጀመረችውም በዚሁ ንዴት ነው። የሚያምር ወረቀት ግድግዳ ላይ ልትሰቅል አይደለም። የኮርሶቿን ዕቅድ ራሷ አወጣች፤ የቱ ከየቱ እንደሚቀድም፣ የቱን ከየቱ ጋር ደርባ መውሰድ እንደምትችል እየሰረዘች እየደለዘች አሰላች። መንገዱ ሁሉ የሚያደርሰው ወደ አንድ ኮርስ ነበር፤ «የስርጭት ሥርዓቶች» ይባላል። ብዙ ማሽኖች አንድን ሥራ እንዴት እንደሚከፋፈሉት፣ አንዱ ሲወድቅ የቀሩት እንዴት ተሸክመው እንደሚቀጥሉ የሚያስተምር ነው። አስተማሪው ዘንድሮ አስተምሮ ጡረታ ይወጣል፤ ሌላ የሚያስተምረው ሰው የለም። ዘንድሮ ካመለጣት አመለጣት።

እና የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ማሽኑ ወደቀ። ሌላ መቼ ይውደቅ?

የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ባሏን ላከች። ባሏን ሰፈሩ «ባለ ዲሹ» ይለዋል፤ ከጣሪያ ጣሪያ እየዞረ የቴሌቪዥን ዲሽ ይተክላል። ደግ ሰው ነው። አንድ አመል ብቻ አለው፤ ለሁሉም ነገር «ያው ነው» ይላል። ነጭ ቀለም ግዛ ሲሉት ክሬም ይዞ ይመጣና «ያው ነው» ብሎ ግድግዳውን ይቀባዋል። ማሽኑ ሥር ተንበርክካ ሳለች በስልክ «ስርጭት የሚለው ላይ ምልክት አድርግ» ብላ ጮኸችለት። ቅጹ ላይ ግን ስርጭት የሚለው ሁለት ነበር። አንዱ የእሷ ነው፤ ሌላው ከጋዜጠኝነት ክፍል በምርጫ ኮርስነት የገባ «የስርጭት ቴክኖሎጂ»፣ የሬዲዮና የቴሌቪዥን። ባለ ዲሹ ይህን ሲያይ ፊቱ በራ። ዕድሜውን ጣሪያ ላይ የፈጀበት ሙያ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፣ ያውም ሚስቱ ልትማረው ነው! እስክሪብቶውን ጫን አድርጎ ምልክቱን አኖረ።

የተማሪዎች ዝርዝር ሲለጠፍ ስሟን ከማይክሮፎንና ከካሜራ ተማሪዎች ጋር አገኘችው። ቤት እስክትደርስ ከራሷ ጋር ስትጨቃጨቅ ሄደች።

«የሬዲዮ ስርጭት ምን ይሠራልኛል?» አለችው በሩን ሳትዘጋ።

«ስርጭት አልሽ፣ ስርጭት አልኩ። ያው ስርጭት ነው።»

ብው አለች። «ያው አይደለም! ስንት ዓመት የለፋሁበትን ነገር በአንድ ምልክት ገደል ከተትከው!»

«እኔ ደግሞ አስጠናሻለሁ ብዬ…» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ይሄ የባሰ አናደዳት። ሰው በሙሉ ልቡ ሊቆጣ ሲነሳ እንዲህ አንጀት የሚበላ ነገር መናገር ምን ይሉታል?

የምዝገባ ማስተካከያው ቀን አብረው ሄዱ። «ያጠፋሁት እኔ፣ የማስረዳውም እኔ» ቢላትም ኮሪደሩ ላይ አስቀምጣው ብቻዋን ገባች። የትምህርት አማካሪዋ ቅጹን አገላብጦ አየና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ከተፈረመ ተፈረመ እኮ፣ እህቴ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብላ በሆዷ ተረተች።

«እንዲያውም የሬዲዮው ይቀልሻል» ብሎ ቀጠለ። «ባለ ትዳር ነሽ፣ ሥራ አለሽ። ምን አደከመሽ? ዲግሪው እንደሆነ ያው ነው።»

ደሟ ፈላ። «ዶክተር» አለችው፣ «ያው ነው የሚል ሰው እቤቴም አለኝ። እሱን አግብቼዋለሁና እችለዋለሁ። እርስዎን ግን አላገባሁዎትም!»

አማካሪው መነጽሩን አወለቀ፤ መልሶ አደረገ። ከዚያ ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ፣ ለአንድ ተማሪ ቦታ እንደቀረ፣ የኮርሱ አስተማሪ ከፈረመላት እንደማይከለክላት ተናገረ። «ክፍል ውስጥ ነው፤ ሲወጣ ያዢው። ግን ሬጅስትራሩ ለምሳ ሲዘጋ ማስተካከያውም አብሮ ያበቃል።»

የመማሪያ ክፍሉ በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ ስልኳ ጮኸ።

«ወደቀ!» አለ አለቃዋ።

«ዛሬ ፈቃድ ላይ ነኝ።»

«የምን ፈቃድ? አንቺ ከሌለሽ ማን አለ?»

ይህ ሰው በሠርጓ ዕለት ደውሎላታል። እናቷን ስታስታምም፣ እናቷ እጇን እንደያዘቻት፣ ደውሎላታል። ያን ጊዜ ሁሉ እየተሳደበች ሄዳለች፤ ሄዳለች ግን።

«ማንም የለም» አለችው። «እዚህ የቆምኩትም ለዚሁ ነው።»

ዘጋችበትና የማሽን ክፍሉን ቁልፍ ከቦርሳዋ አውጥታ አጠገቧ ለቆመው ባሏ ዘረጋችለት። ደንቡ አይፈቅድም። ደንቡ ግን ረዳት ቅጠሩልኝ ብላ ስትለምን የት ነበር?

«ሂድና አንሳው።»

«እኔ? እኔ ስለ ማሽን ምን አውቃለሁ?»

«ያው ነው!» አለችው።

ቁልፉን ይዞ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። እሷም ስልኳን አጠፋች፤ ጆሮ ዳባ ልበስ። አስተማሪው ትምህርቱን ጨርሶ ሲወጣ በጠመኔ በነጣ እጁ ፈረመላት። የሬጅስትራር ሠራተኛዋ መስኮቱን ልትዘጋ ስትል እሷ ክንዷን እስከ ትከሻዋ አስገባች። ማኅተሙ ሲያርፍ ሰማችው፤ ግን ደስታ አልተሰማትም።

ከሰዓት በኋላ መሥሪያ ቤት ስትደርስ ማሽኑ እንደወደቀ ነው። ባለ ዲሹ ከገመዶቹ መሃል መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ደወልኩልሽ፤ አጥፍተሽዋል።»

«አዎ።»

«አለቃሽ ሰደበኝ። ገንዘብ ተቀባዩ ሰደበኝ። ወረፋ ላይ ያሉ አንዲት እናት፣ አይተውኝ የማያውቁ፣ አባቴን ሳይቀር ሰደቡ። እኔ እኮ እዚህ አልሠራም!»

«እና እኔ የምሠራው ልሰደብ ነው?»

በሩ ላይ የሆነ ሰው «አሁንም አልተነሳም?» ብሎ ጮኾ አለፈ፤ ባለ ዲሹ ድንብር አለ። እሷ ምንም አልመሰላትም፤ ቦርሳዋን ወርውራ ማሽኑ ሥር ተንበረከከች።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አላት።

«ሁልጊዜ።»

ከመሬት ተነሳ።

«ያው አይደለም ለካ» አለ።

የገመዱን አንድ ጫፍ ወረወረችለት። «እንግዲያው ያዝ!» አለችው፣ ንዴቷ ገና ሳይበርድ።