የኢጣሊያ ዓመት በመቱ መጋዘን

የያዙኝ መቱ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት የመምህራን ማረፊያ ክፍል ነው። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆመው ስሜን ሲጠሩ እጄ ላይ ገና ጠመኔ ነበር። «ለአምስት ደቂቃ ትፈለጋለህ» አሉኝ። አምስት ደቂቃዋ ዘጠኝ ወር ሆነች። ጊዜው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ነው። ተማሪዎች ሰልፍ ወጥተው ስለነበር ከመምህራን መካከል የገፋፋቸው ሰው ይፈለግ ነበር። እኔ የማስተምረው ጂኦግራፊ ነው። ማንንም አልገፋፋሁም፤ ያን ያህል ድፍረትም አልነበረኝም።

ያስገቡኝ ከመቱ ወጣ ብሎ ለጊዜው ማቆያ በተደረገ የቡና መጋዘን ውስጥ ነው። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ መስኮቱ አንድ ብቻ ሆኖ ከላይ የተቆረጠ። ቡናው ከወጣ ቆይቷል፤ የጀንፈሉ ሽታ ግን ከወለሉ አልለቀቀም። ሃያ ሦስት ሰዎች ነበርን። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጆሮ ለጆሮ ካልሆነ መነጋገር አይቻልም፤ ኢሉባቦር ደግሞ ዝናብ አይሰስትም። የመጀመሪያውን ሳምንት ፈራሁ። ከዚያ ፍርሃቱ ጠፋ፤ በቦታው ግን ሌላ ነገር አልመጣም። እግር ሲደነዝዝ እንደሚሆነው ሆንኩ፤ የራሴ መሆኔን አውቃለሁ፣ ሲነኩኝ ግን አይሰማኝም።

ክፍሉ የራሱ ሕግ ነበረው። ካቦ የምንለው የክፍሉ አለቃ የያዮ ቡና ነጋዴ ነው፤ ሶላቱን ሰግዶ ሲጨርስ ጠራኝና አስረዳኝ።

«እዚህ ስለ አገር አይወራም። ስለ ክስህም አይወራም። ከመካከላችን ወሬ የሚያቀብል አይጠፋም፤ ማን እንደሆነ ግን አናውቅም።»

ሃያ ሦስታችንም የገባነው በአገር ጉዳይ ነው። እሱ ከተከለከለ የሚቀረን ወሬ ስለ ሆድ ሕመምና ስለ ትኋን ነበር፤ እሱም ቶሎ አለቀ።

ከአጠገቤ የሚተኙት ጋሼ ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ ብቻ ነው የምንላቸው። የጎሬ ሰው ናቸው፤ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነበር። መካኒክ ሆነው ሃያ ዓመት በመንገድና በግድብ ሥራ ካምፖች ከጣልያኖች ጋር ሠርተዋል። ለምን እንደታሰሩ እሳቸውም በቅጡ አያውቁም፤ ሰልፉ ባለፈበት ቀን ጋራዣቸው ክፍት ነበር፣ ሌላ ጥፋት አልነበራቸውም። በእስር ላይ ሳሉ እግራቸው እያበጠ መጣ፤ ጫማቸውን ማጥለቅ ካቆሙ ሰነባብተዋል።

አንድ ቀን ልጃቸው ከምግቡ ጋር ወፍራም መጽሔት ላከችላቸው። የድሮ አለቃቸው በየዓመቱ የሚልክላቸው ነው፤ በኢጣሊያ ዓመቱን ሙሉ የተደረገውን ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር በተራ የሚያወጣ። የበሩ ጠባቂ ገለጥ ገለጥ አደረገው። የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እንዳይገባ ታዟል። ስለ ጣልያንኛ የተባለ ነገር የለምና አሳለፈው።

ካቦውን ስናስፈቅደው ጥቂት አሰበና «የሰው አገር ነው፤ ይሁን» አለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከምሳ በኋላ ዜና ነበረን፤ በቀን አንድ ገጽ። ጋሼ አንድ ጆሮው በክር የታሰረ መነጽራቸውን ያደርጋሉ፣ ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር ያስኬዳሉ፣ በጣልያንኛ ያጉረመርሙና በአማርኛ ይነግሩናል። ካቦው ተቀብሎ በኦሮምኛ ይደግመዋል። ሮም ሴት ከንቲባ መረጠች ሲሉን አንድ የኖፓ ገበሬ «ዱጋ?» አለ፤ እውነት ነው ወይ ማለቱ ነው። በኦገስት ተራራ ላይ ያሉ ከተሞች በመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሱ። ገበሬው ቆየት ብሎ «ከብቶቹስ?» ሲል ጠየቀ። ጋሼ ገጹን ከላይ እስከ ታች ፈለጉ።

«ስለ ከብት አልጻፉም» አሉት፣ እንዳዘኑ።

ቀስ በቀስ የራሳችንን ቀን መቁጠር ተውን። «ዛሬ ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ «ሴፕቴምበር» የሚል ሰው ነበር፤ ማንም አይስቅበትም።

ዲሴምበር ላይ ደረስን። መንግሥት ሕገ መንግሥቱን ለማሻሻል፣ የላይኛውን ምክር ቤት ሰዎችም ለመቀነስ ፈልጎ ሕዝቡን በድምፅ ጠየቀ። ጋሼ እዚህ ላይ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ውጤቱ ነገ» አሉ።

ተንኮላቸው ነው፤ ደስ ብሏቸው ነበር። ክፍሉ እስከ ማታ ቆጠራ ተከራከረ። ካቦው ክርክሩን ለመገላገል ድምፅ እንስጥ አለ። ከእራት ንፍሯችን እሺ የሚል በቆሎ፣ እምቢ የሚል ቦሎቄ በአንድ ጣሳ ውስጥ እንዲጥል ተስማማን። ቆጥሬ በሳሙና መጠቅለያ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እምቢ አሥራ ሰባት፣ እሺ ስድስት ሆነ። እምቢ ካሉት አብዛኞቹ ስለ ኢጣሊያ ምክር ቤት ግድ አልነበራቸውም፤ ጠያቂው መንግሥት ስለሆነ ነው። እኔ በቆሎ ነው የጣልኩት። ምክር ቤት ሲያንስ ጥሩ ይመስለኛል።

በማግስቱ ጋሼ አነበቡ። ሕዝቡ እምቢ ብሎ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩም በዚያው ምሽት መሸነፉን ተናግሮ ሥራውን ለቀቀ።

«ማን አስገደደው?» አለ ገበሬው።

«ማንም።»

«ወታደር አልመጣም?»

«አልመጣም። ጠየቀ፣ እምቢ አሉት፣ ሄደ።»

አንዱ አጨበጨበ፤ ተከተልነው። ጠባቂው በሩን በዱላ መታና ዝም አልን። ከዚያ በኋላ እንደገና ከጃንዋሪ ጀመርን፤ ግን ሌላ ወር ላይ ሳለን እንኳን «ጋሼ፣ ዲሴምበርን ይድገሙልን» የሚል አይጠፋም። ከአርባ ጊዜ በላይ ሰምቼዋለሁ ብዬ እገምታለሁ።

በሁለተኛው ዙር ኦገስት ላይ ሳለን የጋሼ ዋስ ተቀባይነት አገኘና ሐሙስ እንደሚወጡ ተነገራቸው። ይህ የተነገራቸው ቅዳሜ ነበር። ሰኞ ጠዋት ድንገተኛ ፍተሻ ተደረገ። መጽሔቱን ሲያራግፉት የሳሙናው ወረቀት ወደቀ። ጽሕፈቱ የማን እንደሆነ ሲጠይቁ እጄን አወጣሁ።

መርማሪው በዕድሜ ከእኔ ያንሳል። «መምህር፣ ቁጭ በል» አለኝ።

«እምቢ አሥራ ሰባት፣ እሺ ስድስት። እምቢ የተባለው ማን ነው?»

«የኢጣሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር።»

ቀና ብሎ አየኝ። «አንተስ ለማን ሰጠህ?»

«ለመንግሥት።»

«ለየትኛው መንግሥት?»

«ለኢጣሊያ።»

በጥፊ መታኝ። ተናዶ አልነበረም፤ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው ነው የመታኝ። አልተሰማኝም ብል ውሸት አይሆንም።

«ይህን እያነበበ ያሰባሰባችሁ ሰው አለ» አለኝ። «ሽማግሌው ነው፤ ከጣልያን ጋር የሠራ እሱ ብቻ ነው። ሐሙስ አንድ ሰው ይወጣል። እሱ አነበበ ብለህ ከፈረምክ የምትወጣው አንተ ነህ፤ እሱ ይቆያል።»

ጀግንነት ነው እንዳልል ያን ጊዜ ምን እንደተሰማኝ አስታውሳለሁ። ምንም አልተሰማኝም። መውጣት ምን እንደሚመስል ለማሰብ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። የታየኝ የጋሼ እግር ብቻ ነው።

«ሽማግሌው መካኒክ ነው» አልኩ። «ይናገራል እንጂ ማንበብ አይችልም። ያነበብኩት እኔ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ተምሬያለሁ።»

መጽሔቱን ገፋ አደረገልኝ። «እስቲ አንብብ።»

ጣልያንኛ አንድ ቃል አላውቅም። ዲሴምበርን በፎቶው አገኘሁት። ጣቴን ከመስመሩ ሥር አስገባሁና ትንሽ አጉረመረምኩ፤ ቀጥሎ በአማርኛ፣ ጋሼ እንደሚሉት፣ ቃል በቃል ተናገርኩ። መንግሥት ሕዝቡን ጠየቀ። ሕዝቡ እምቢ አለ። ሰውየው መሸነፉን ተናገረ፤ ሥራውን ለቀቀ፤ ሌላ ተተካ። ጋሼ የሚገልጡበት ቦታ ላይ ስደርስ እኔም ገጹን ገለጥኩ።

«ከዚያስ?» አለ መርማሪው።

«ከዚያ ስለ ገና በዓል ነው።»

«አልታሰረም?»

«አልታሰረም።»

«አልሸሸም?»

«ቤቱ ገባ።»

ፎቶውን ወደ ራሱ አዙሮ ጥቂት ካየው በኋላ ብዕሩን አነሳና ያልኩትን ጻፈ። እኔ እንዳነበብኩ፣ ሽማግሌው ማንበብ እንደማይችሉ። ፈረምኩ።

ስመለስ ጋሼ ግድግዳውን ተደግፈው ይጠብቁኝ ነበር። ጆሯቸው ላይ ጠጋ አልኩ።

«ጋሼ፣ ማንበብ አይችሉም ብያለሁ። ከጠየቁዎት ያነበብኩት እኔ ነኝ።»

ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተስ ልጄ?»

«እኔ እቆያለሁ።»

«እሺ» አሉ። «አልችልም።»

ማክሰኞ ጠርተው ጠየቋቸው። ሐሙስ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ወጡ። ጠባቂው አጠገባቸው ስለነበር አልተሰናበቱኝም። እኔ ሌላ አራት ወር ቆየሁ።

ከወጣሁ በኋላ ወደ ትምህርት ቤት ተመለስኩ። ሲመሽ እተኛለሁ፣ ሲቀርብልኝ እበላለሁ፣ ሰው ሰላም ሲለኝ ሰላም እላለሁ። እንኳን ለቤትህ አበቃህ ሊሉኝ የመጡትን እትዬ ጎረቤቴን እንኳን ቡና ሳላፈላ መለስኳቸው። ጎሬ ሄጄ ጋሼን ልጠይቃቸው ብዬ አስባለሁ፤ ቅዳሜ ሲመጣ ግን አልነሳም። ለእሳቸው አንድ ነገር አድርጌያለሁ፣ እዳዬን ከፍያለሁ የሚል ሐሳብም በውስጤ ነበር። እንዲህ ሰባት ዓመት አለፈ።

አምና ማረፋቸውን ሰማሁና ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ልጃቸው ከየት እንደመጣሁ ጠየቀችኝ፤ አብረን ታስረን ነበር አልኳት። አጠገቤ ተቀመጠች።

«አባዬ ከዚያ ሲወጣ ተለውጦ ነው የወጣው» አለችኝ። «ያ መጽሔት በየዓመቱ ይመጣ ነበር፤ ከፖስታው ሳያወጣ ቁም ሳጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል። እንደዚያ ይወደው የነበረውን! ልጄ ምን እንደሚል ስትጠይቀው 'እኔ ማንበብ አልችልም' አላት። አእምሮው እየደከመ ነው ብለን ሐኪም ቤት ወሰድነው። ሐኪሙ ምንም የለበትም አለ።»

«ለምን እንደሆነ አልነገራችሁም?»

«'ልጁ መውጣቱን ሳልሰማ አይሆንም' ይል ነበር። የትኛው ልጅ እንደሆነ አልገባንም። እርስዎ ያውቁታል?»

ዓይኔ ሞላ። ሰባት ዓመት የደነዘዘው ነገር በአንድ ጊዜ ነቃ፤ ሲነቃ ደግሞ ያማል።

«እኔ ነኝ» አልኳት። «አባትሽ ማንበብ ይችሉ ነበር፤ እንዲወጡ ብዬ አይችሉም ያልኩት እኔ ነኝ። ለሁላችንም ያነበቡት እሳቸው ናቸው።»

«እርስዎ መቼ ወጡ?» አለችኝ።

ነገርኳት። ነጠላዋን አስተካክላ የገቡትን ሰዎች ልትቀበል ተነሳች።

በእስር ቤት አደረግኩት ስለምለው ነገር ሰዎች ሲጠይቁኝ አሁን የምናገረው ይህን ነው። እኔ ለጋሼ የሰጠሁት አራት ወር ነበር፤ እሱንም ሳይሰማኝ ነው የሰጠሁት። እሳቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው ጠበቁኝ። ከመቱ ጎሬ በሚኒባስ አንድ ሰዓት አይሞላም።