በለቅሶ ሰበብ ወደ ቡራዩ

ሱሉልታ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ያለው የክርክር ክበብ ሰሞኑን ለተማሪዎቹ አንድ ርዕስ ሰጠ፤ ፋርማሲስቶች ያለ ሐኪም ማዘዣ የወሊድ መከላከያ እንዲሰጡ ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ? የእህቴ ልጅ ሰላም «አይፈቀድ» የሚለው ወገን ደረሳት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። እሁድ ረፋድ ላይ ምስር እየለቀምን ሳለ፣

«አክስቴ፣ አንቺ ማስረዳት ትወጃለሽ፤ እስቲ አስረጂኝ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። መንገድ የጠፋበት ሰው ቢጠይቀኝ እንኳ ከመነሻው ጀምሬ ነው የምነግረው። ያን ቀን ግን ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት የምጠባበቅበት መስከረም ነበር። የምንኖረው ሰበታ ነው። ታላቅ እህቴ ዘነበች፣ እኛ ዘኒ የምንላት፣ ከቤታችን ወረድ ብሎ ባለ ግቢ ከባሏና ከአማቷ ጋር ትኖር ነበር። ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ የደም ግፊቷ ከመጠን በላይ ወጥቶ ራሷን ስታለች። አዋላጇም ቶሎ ብታረግዝ ለሕይወቷ እንደሚያሰጋ አስጠንቅቃታለች። አማቷ ግን «መድኃኒቱ ማህፀን ያደርቃል» ባይ ናቸው፤ ባሏ ደግሞ እናቱ ካሉት አይወጣም። ሰበታ ጤና ጣቢያ እንዳትሄድ፣ ካርድ ክፍል የምትሠራው የባሏ እህት ናት።

እዚህ ላይ ስለ ሰፈራችን አንድ ነገር ልናገር። ባለትዳር ሴት ቅዳሜን ሙሉ ከቤት ከጠፋች የት ዋልሽ መባሏ አይቀርም። ለቅሶ ልትደርስ የወጣችን ሴት ግን ማንም አያቆማትም፤ እንዲያውም «እግዜር ያጽናቸው በይልን» ብለው ይሸኟታል። ስለዚህ ዘኒ ጥቁር ቀሚሷን ለበሰች፣ ቡራዩ ያለች ጓደኛዬ አባቷ ሞቱባት አለች፣ እኔን አስከትላ ወጣች።

በአየር ጤና ዞረን፣ አስኮን አልፈን ቡራዩ ስንደርስ ድንጋይ የጫኑ መኪኖች መንገዱን አጨናንቀውት ነበር። ጭቃው ገና አልደረቀም። መንገድ ዳር አንዲት ሴት በቆሎ ትጠብሳለች፤ ዘኒ ገዛችና ከሁለት ሰብራ ግማሹን ሰጠችኝ።

«ደህና ለቀስተኞች ነን! በቆሎ እየጋጡ ድንኳን የሚገባ አይተሽ ታውቂያለሽ?» ብላ ሳቀች። ከጥርሷ መሀል የገባውን ፍሬ በምላሷ እየፈለገች የሳቀችው ሳቅ ዛሬም ይታየኛል።

ፋርማሲው ጠባብ ነው፤ ሦስት ሰው ከቆመበት ይሞላል። ባለቤቱ ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ፀጉራቸው የሸበተ ፋርማሲስት ነበሩ። «አከም ጅርቱ?» ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ተቀበሉን። ዘኒ የወሊድ መከላከያ እንክብል ጠየቀችና በአገጯ ወደ እኔ እያመለከተች፣ «ለእህቴ ነው» አለች። ይህን አስቀድመን አልተነጋገርንበትም፤ በራሷ ስም መጠየቅ ፈርታ ይሆናል።

«ራስ ምታት ያሠቃይሻል?» አሉኝ ኦቦ ገመቹ። «ግፊትስ አለብሽ?»

«የለብኝም» አልኩ።

እሳቸው የግፊት መለኪያውን ሲያወጡ ከኋላችን በሩ ተከፈተ። የዘኒ አማት የዕድር ጓደኛ የሆኑት ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ነበሩ። ጠዋት ሆለታ ለቅሶ አለብኝ ብለው ነው የወጡት። እሳቸውም በጥቁር ናቸው።

«የማን ለቅሶ ነው?» አሉ ቀድመው።

«የጓደኛዬ አባት። የእርስዎስ?» አለች ዘኒ።

«የሩቅ ዘመድ» አሉና ዓይናቸውን ወደ ሳል ሽሮፖቹ አዞሩ።

ኦቦ ገመቹ የመለኪያውን ጨርቅ በክንዴ ላይ ሊጠቀልሉ እጃቸውን ዘረጉ። ዘኒ እኔን አየችኝ፤ እትዬ ብርቄንም አየች። ዝም ብትል በእኔ ጤና የተመዘነ መድኃኒት እሷ ልትውጥ ነው። ብትናገር ደግሞ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ሰበታ ይገባል። እጅጌዋን ሰበሰበች።

«ይቅርታ ኦቦ፣ የእኔን ይለኩ። የምውጠው እኔ ነኝ።»

ለኩ፤ ደግመውም ለኩ። ፊታቸው ተለወጠ።

«ልጄ፣ የጠየቅሽው ለአንቺ አይሆንም፤ ግፊትሽን ያብስብሻል። የሚስማማሽ ሌላ ዓይነት ነው፤ ያውልሽ መደርደሪያው ላይ። ግን እንዲህ ያለ ግፊት ላለባት ሴት ያለ ሐኪም ማዘዣ አልሰጥም። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ሰኞ እዚሁ ቡራዩ ጤና ጣቢያ አጽፈሽ ነይ።»

«ሰኞስ ማን ሞተ ልበል?» አለች ዘኒ። ማንም አልሳቀም።

ስንወጣ እትዬ ብርቄ ተከትለውን መጡ፤ በነጠላቸው ሥር ትንሽ እሽግ ይዘዋል። «እኔ ቡራዩ አልመጣሁም፤ እናንተንም አላየሁም» አሉ። ቃላቸውንም ጠበቁ። ወሬው ሰበታ አልደረሰም።

ሰኞ የዘኒ ትንሹ ልጅ አተኮሰው። የሚቀጥለው ሰኞ አማቷ ታመሙ። ከዚያ በኋላ ሰበብ አለቀ። ለገና ዘኒ ነፍሰ ጡር ነበረች። ነሐሴ ላይ ሰላምን ወልዳ በማግሥቱ አረፈች። ዝናቡ ድንኳኑን ሲደበድበው እትዬ ብርቄ ያንኑ ጥቁር ቀሚስ ለብሰው አጠገቤ ተቀመጡ፤ እጄን ጨብጠው እስኪመሽ አልለቀቁኝም።

ስለ ኦቦ ገመቹ ብዙ አስቤያለሁ። ባይለኩ ኖሮ የማይሆናትን ወስዳ በሌላ መንገድ ልትጎዳ ትችል ነበር። ለክተው፣ የሚሆናትን አውቀው፣ ባዶ እጇን ሰደዷት። እሳቸውን መውቀስ አልቻልኩም። መደርደሪያውንም መርሳት አልቻልኩም።

ይህን ሁሉ ለሰላም ስነግራት የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር። ምስሩን መልቀሟን አቆመች።

«ያን ቀን ቢሰጧት ኖሮ እኔ አልወለድም ነበር?»

«ምናልባት» አልኩ። ከሰፌዱ አንድ ጠጠር ለቅሜ ጣልኩ።

እሷ የያዘችውን ምስር መልሳ ሰፌዱ ላይ በተነችው። ከዚያ ሰፌዱን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ፣ «አክስቴ፣ ወገን መቀየር ይቻላል?» አለችኝ።

«ለምን? ኦቦ ገመቹ እኮ የፈሩት ያለ ምክንያት አልነበረም። እሱን ይዘሽ ደህና አድርገሽ መከራከር ትችያለሽ።»

«ገብቶኛል» አለች ሰላም። «እናቴ ግን እውነቱን ልትናገር እጅጌዋን ሰብስባ ነበር።»