ቅንድቤ የመሰከረብኝ ቀን

መነጽሬ ማይነስ አሥራ አራት ነው። ለማያውቅ ሰው ሲተረጎም፣ መነጽሬን ካወለቅሁ የራሴን መዳፍ የማየው አፍንጫዬ ሥር ሳስጠጋው ነው ማለት ነው። ዓረብ አገር፣ ሚርዲፍ የሚባል ሰፈር ሥራ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ጠዋት መነጽሬን ሳላደርግ ከክፍሌ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ የቆመችውን ማዳም አንገቴን ሰበር አድርጌ "ሰባሕ አልኸይር" አልኳት። አልመለሰችልኝም። ምን አስቀየምኳት ብዬ ጠጋ ስል፣ ለካ ሰላምታ ያቀረብኩት መስቀያ ላይ ለተንጠለጠለ ጥቁር ቀሚስ፣ ለአባያዋ ነው።

ማዳም የሶርያ ሴት ናት። ድምጿ ከፍ ያለ ነው፤ ስታመሰግንም ስትቆጣም በአንድ ቁመት ነው የምትናገረው። ቤቷን ግን ወድጄዋለሁ። ሁለቱ ሴቶች ልጆቿ ለምደውኛል፣ ምግብ አይቆለፍብኝም፣ ሳምንታዊ ዕረፍቴንም ማንም አይነካብኝም። ከዚያ በፊት አል ባርሻ የሠራሁበትን ቤት እኔ ነኝ የማውቀው። ስለዚህ እዚህ መቅረት ፈለግሁ፤ አጥብቄ ፈለግሁ።

ችግሩ፣ ውላችን የስድስት ወር ሙከራ አለው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ማዳም ካልተስማማኋት ኤጀንሲው እኔን መልሶ ወስዶ ሌላ ይልክላታል። አምስተኛው ወር ላይ ማዳም ሳሎን ሆና በስልክ ስታወራ ሰማኋት። ከፈጣን አረብኛዋ ውስጥ የያዝኩት ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ አንዱ ኤጀንሲ፣ አንዱ ሙሽኪላ፣ ችግር ማለት ነው። እነዚህ ሁለቱ አንድ ላይ ሲገናኙ ለእኔ ዓይነቷ ሴት ሦስተኛው ቃል ሻንጣ ነው። ሙሽኪላው ምን እንደሆነ ለመገመትም አልተቸገርኩም። የጠርሙስ ቂጥ የሚያክል መነጽር አድርጋ ከአባያ ጋር የምታወራን ሴት ማን ልጆቹን አምኖ ይሰጣል?

የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ በዚያው ሰሞን በግራ ዓይኔ ዳር ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር ጀመረኝ። ዓይኔን ስጨፍንም ይበርቃል። ለማዳም ብናገር በራሴ እጅ ሻንጣዬን መሸከፍ መስሎ ስለታየኝ ዋጥ አደረግሁት። በዕረፍቴ ቀን አጅማን፣ ጓደኛዬ አልጋ ወደተከራየችበት ቢድ ስፔስ ሄድኩና ለእሷ ብቻ ነገርኳት። የወሎ ልጅ ናት፣ ስትመክር አታባብልም።

"ዋላሂ ነው የምልሽ፣ ዛሬውኑ ለማዳምሽ ንገሪያት። ሹግል፣ ሥራ ይገኛል። ዓይን ግን ኤጀንሲ አይልክልሽም" አለችኝ።

ነገርኳት። ማዳም የጠበቅሁትን ያህል አልተቆጣችም፤ እንዲያውም ደነገጠች፣ ቀጠሮ ያዘችና በሳምንቱ ራሷ እየነዳች ሻርጃ አንድ የዓይን ክሊኒክ ወሰደችኝ። እኔ ግን በመንገዱ ሁሉ ይቺ ሴት ዕቃውን ለኤጀንሲው ከመመለሷ በፊት ጉድለቱን በወረቀት ልታስጽፍ ነው እያልኩ እሄዳለሁ።

ሐኪሟ ህንዳዊት ናት። በእንግሊዝኛ ትናገራለች፣ ማዳም በቀላል አረብኛ ታቀብለኛለች። የእኔ ዓይን እንደ ሰው ዓይን ክብ ሳይሆን ወደ ኋላ የረዘመ ነው አሉ። ሲረዝም ደግሞ ከጀርባው ያለችው፣ ብርሃን የምትቀበለው ሬቲና የምትባል ስስ ሽፋን እንደ ተነፋ ፊኛ ትለጠጣለች፣ ትሳሳለች። በፎቶ አይተው ቀዳዳ እንደሌላት አረጋገጡ። ግን ደህና መምሰል ሌላ፣ ሥራዋን መሥራት ሌላ ነው፤ አሁን የምንፈትነው ሥራዋን ነው አለች ሐኪሟ። ሬቲናዬም የሙከራ ጊዜ ላይ ናት ማለት ነው ብዬ በልቤ አዘንኩላት።

ዓይኔ ውስጥ ጠብታ አድርገው ጨለማ ክፍል ሃያ ደቂቃ አስቀመጡኝ። ከዚያ የማዳም አገር ሰው የሆነ ባለሙያ ደብዛዛ ቀይ መብራት ይዞ ገባና አገጬን ማስቀመጫ ላይ አሳረፈው። ከምንም ከማይለይ ብርሃን ጀምሮ እያጎላ ሊያሳየኝ ነው። አገጬን እንዳላነሳ፣ አፌን እንዳልከፍት፣ ማየት አለማየቴን በምልክት እንድነግረው አዘዘኝ።

አፍ ሳይከፍቱ አዎ ማለት ደግሞ ለእኔ ከልጅነቴ የለመድኩት ነው። ቅንድብ ከፍ፣ ትንፋሽ ሳብ፤ አለቀ። አገራችን ስንት ጉዳይ፣ ስንት ሽምግልና በዚህ ያልቃል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስቱን ብርሃኖች በእውነት አላየሁም፣ ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላ ግን በጠየቀኝ ቁጥር ቅንድቤን አነሳለሁ። ብርሃኑ እየጎላ ሲሄድ እኔም ደስ እያለኝ ቅንድቤን እስከ ፀጉሬ ሰቀልኩት። እሱ ግን ባነሳሁ ቁጥር "መስኪና" ይላል። መስኪና ማለት ምስኪን መሆኑን ለማወቅ አስተርጓሚ አያሻም፤ ለምን እንደሚለኝ ነው የጠፋኝ።

ቀጥሎ ግንባሬ ላይና ጆሮዬ አጠገብ ፕላስተር ለጠፈ፣ ከታችኛው የዓይኔ ቆብ ውስጥም ክር የመሰለ ሽቦ አኖረ። ይሄኛው ምርመራ ከእኔ መልስ አይፈልግም። መብራቱ ቦግ ሲል ሬቲናዋ ራሷ ትንሽ ኤሌክትሪክ ትሰጣለች፣ ማሽኑ ይይዛል። እኔ ድርሻዬ አለመርገብገብ ብቻ ነበር።

ሲያልቅ ሐኪሟ ሁለቱን ውጤቶች ጠረጴዛዋ ላይ ጎን ለጎን አድርጋ ደጋግማ አየቻቸው። ከዚያ ከማዳም ጋር ረጅም ወሬ አወሩ። የማዳም ፊት ቀላ።

"አገርሽ መግባት ከፈለግሽ ለምን አትነግሪኝም?" አለችኝ። "ዓይንሽ ብርሃኑን አይቷል፣ ማሽኑ ይናገራል። አንቺ ግን ለሁሉም አላየሁም ብለሻል። ልታታልዪን ነው?"

እንደ አገሬ ደንብ ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብዬ ልምል ቃጣኝና፣ ያለሁበትን ቤት አስታውሼ ዋጥኩት። በዓይን ክሊኒክ ውስጥ ይሄን መሐላ የሚደፍር የለም። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት በቀር ሁሉንም አይቻለሁ፣ አይቼ አላየሁም ያልኩት የለም አልኩ።

"አሁንም ትክዳለች" አለች ማዳም ወደ ባለሙያው ዞራ። "ገና ከመጣች ጀምሮ እንዲህ ናት። ምን ብጠይቃት እንዲህ ትለኛለች።" ቅንድቧን ወደ ላይ ሰቅላ አሳየችው። ባለሙያውም፣ እኔንም እንዲሁ ነው ያለችኝ ብሎ መሰከረ።

ነገሩ ያን ጊዜ በራልኝ። እነሱ አገር ቅንድብ ሲነሳ እምቢ ነው፣ የለም ነው። ቅንድቤን በሁለት ጣቴ ይዤ "ማዳም፣ ይሄ በእኛ አዎ ነው" አልኩ። ቅንድብ ከፍ፣ ትንፋሽ ሳብ አድርጌ ለሦስቱም አሳየሁ። ሐኪሟ ሳቋን መያዝ አቃታት። እሷም እዚህ አገር ስትመጣ፣ እሺ ለማለት ራሷን ግራና ቀኝ ስታወዛውዝ በሽተኞቿ አልቀበልም ያለቻቸው እየመሰላቸው ይሄዱ እንደነበር ነገረችን።

ምርመራውን በሌላ ቀን ደገምነው፤ በዚህኛው ጠረጴዛውን በጣቴ እየመታሁ። ከደብዛዛዎቹ በቀር ሁሉንም አይቻለሁ። ሬቲናዬ እንዲህ ከረዘመ ዓይን እንደሚጠበቀው መልሷ አነስ ያለ ቢሆንም ትሠራለች። በየዓመቱ ትታይ፣ ድንገት ጥቁር ነጠብጣብ ከዘነበብኝ ወይም መጋረጃ ከወረደብኝ ግን በዕለቱ ልምጣ ተባልኩ።

ስንመለስ የሻርጃ መንገድ ተዘግቶ ቆምን። ማዳም መሪውን እንደያዘች ያን የስልክ ወሬ ራሷ አነሳችው። ኤጀንሲዎቹን፣ ሥራዋ ጥሩ ነው ግን ፊት ለፊት እምቢ ትለኛለች፣ ደግሞ እምቢ ብላ ሄዳ ትሠራዋለች፣ ግራ ገባኝ ብላቸው ነበር። መነጽሬን እንኳ አላነሳችውም። አምስት ወር ሙሉ ሻይ ታፈያለሽ ስትለኝ እምቢ እያልኩ ሳፈላላት ኖሬያለሁ። ቀጥሎ፣ ልጆቼን ትወጃቸዋለሽ ብላ የጠየቀችኝ ቀን ትዝ አለኝ። ያን ቀን በቅንድቤ ብቻ ነበር የመለስኩላት። አፈርኩም፣ አዘንኩም።

"ማዳም፣ ስድስት ወሩ ሲያልቅ እቆያለሁ?" አልኳት።

ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል ቅንድቧን ወደ ላይ ሰቀለች። በእሷ አገር ምን ማለት እንደሆነ አሁን አውቃለሁ። ጥቂት ቆይታ ግን ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበች። አላወቀችበትም፣ ትኩስ ሾርባ ያቃጠለው ሰው አስመሰለችው። እኔ ግን ከአገሬ ሰው እንኳ እንደዚያ ያለ አዎ ሰምቼ አላውቅም።