ጊንጥ ስንት እግር አለው?

ከአሶሳ እስከ ሆሞሻ ጊንጥን እንደኔ የሚያውቅ የለም። እሺ፣ በሰፈራችን ይሁን።

ዛሬ ከቀርከሃ ክምራችን ሥር ጊንጥ አገኘን። ጎረቤቴ ሐሰን "ይሄ ከነፍሳት ወገን ነው" አለ።

የማታ ትምህርት ጨርሼ ዝም ልል ነው? "ነፍሳት ስድስት እግር ነው ያላቸው። ይሄ ስምንት አለው፤ የሸረሪት ዘመድ ነው" አልኩት። የተሸነፈ ቀርከሃውን ገበያ ድረስ ሊሸከም ተወራረድን።

ጊንጡን መዳፌ ላይ አድርጌ አስቆጠርኩት።

"ወላሂ፣ አስር ነው" አለ ሐሰን።

"መቆንጠጫዎቹንም ቆጠርክ? እነሱ እኮ እጆቹ ናቸው። እንዳንተ ከሆነማ አንተም ባለ አራት እግር ነህ።"

ይኸው ቀርከሃውን ተሸክሞ ከፊቴ እየሄደ ነው።

እናንተስ በጊንጥ ተከራክራችሁ ታውቃላችሁ? መዳፌ ላይ ያልኩት ግን ፈጠራ ነው። ጊንጡ ሞቶ እንኳ በረጅም እንጨት ነው የገለበጥኩት።